ኩክኒና የእንቁላል ቀለም፦ እንቁላል የማይጥለውን አውራ ዶሮ ማንበብ

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ንግግር ዶሮን ለሁለት ነገር አብሮ ስለማዳቀል ነው፤ ለኩክኒ ቅርጽና ለእንቁላል ቀለም። ኩክኒ የምለው በአናት ላይ የሚቆመውን ቀይ ሥጋ ነው፤ ከአገጭ ሥር የሚንጠለጠለውን ደግሞ ሎቲ እላለሁ።

ሁለቱ ለምን አንድ ላይ መጡ? ባለቀለም እንቁላል የሚፈልግ አርቢ ትልቁ ችግሩ አውራ ዶሮው ነው። ቄቧ ከምትወርሰው ግማሹን የሚሰጣት አባቷ ነው፤ አባቷ ግን እንቁላል አይጥልም። ሴቷም ብትሆን እንቁላሏ እስኪታይ አምስት ስድስት ወር መቀለብ አለባት። ኩክኒ ግን በጥቂት ሳምንታት ይለያል። የትኛው ኩክኒ ስለ እንቁላሉ እንደሚናገር፣ መቼ ደግሞ እንደሚያሳስት ያወቀ አርቢ የማይፈልጋቸውን ጫጩቶች ገና በጊዜ ይለያል፤ መኖውንም ለሚፈልጋቸው ያውላል።

ከእንቁላሉ እንጀምር። የቅርፊቱን ቀለም በዋናነት የሚሠሩት ሁለት ንጥረ ነገሮች ናቸው። አንዱ ቢሊቨርዲን ነው፤ ሰማያዊውን የሚሰጠው እሱ ነው። ሌላው ፕሮቶፖርፊሪን ነው፤ ቡናማው የእሱ ነው። ሁለቱም ከሌሉ እንቁላሉ ነጭ ይሆናል። አረንጓዴ የሚባል ሦስተኛ ቀለም የለም፤ አረንጓዴ እንቁላል ማለት ሰማያዊ ቅርፊት ላይ ቡናማ የተቀባ ማለት ነው። ቡናማው ሲሳሳ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ሲወፍር ወይራማ ይሆናል።

ሁለቱ ቀለሞች የሚገቡበት ጊዜ ይለያያል፤ ለአርቢው የሚጠቅመውም ይህ ነው። ቅርፊቱ ተሠርቶ ለማለቅ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሰማያዊው ከኖራው ጋር አብሮ ስለሚገባ ከውጭ እስከ ውስጥ ይዘልቃል። ቡናማው ግን አብዛኛው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰዓታት ላዩ ላይ ይቀባል። ስለዚህ ከውጭ ሲያዩት ግራ የሚያጋባ እንቁላል ሲገጥማችሁ፣ ቡናማ ይሁን ወይራማ ሳትለዩት ስትቀሩ፣ ሰብራችሁ ውስጡን እዩ። የቅርፊቱን ቁራጭ ለጥቂት ደቂቃ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ከዚያ በውስጥ በኩል የተለጠፈውን ስስ ነጭ ሽፋን ከጠርዙ ጀምራችሁ በጣት ላጡት። ሽፋኑ ካልተላጠ ሰማያዊውን ስለሚሸፍነው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከተላጠ በኋላ በቀን ብርሃን እዩት እንጂ በአምፖል አትዩት። ውስጡ ነጭ ከሆነ ያቺ ዶሮ የሰማያዊ ጂን የላትም፤ ውጩ ምንም ያህል አረንጓዴ ቢመስል። ውስጡ ሰማያዊ ከሆነ ቢያንስ አንድ ቅጂ አላት፤ ቅጂ የምለው ከአባትና ከእናት አንድ አንድ ሆኖ የሚወረሰውን ጂን ነው።

ሰማያዊው የሚወረሰው በአንድ ጂን ነው፤ አሸናፊም ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያላት ዶሮም ሰማያዊ ትጥላለች። እንግሊዛዊው የዘረመል ሊቅ ሬጂናልድ ፑኔት ይህን እ.ኤ.አ. በ1933 ጽፎታል። መነሻው የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ አንድ ጥንታዊ ሬትሮቫይረስ በ1ኛው ክሮሞዞም ላይ ኤስኤልሲኦ1ቢ3 ከተባለው ጂን አጠገብ ገብቶ ተቀምጦ ተገኘ። በዚህ ምክንያት ጂኑ ቅርፊት በሚሠራበት የማህፀን ክፍል ውስጥ ሥራ ይጀምራል፤ ቢሊቨርዲኑም ወደ ቅርፊቱ ይገባል። በደቡብ አሜሪካ ዶሮዎችና በቻይና ዶሮዎች ላይ ቫይረሱ የገባው ለየብቻ ነው፤ ውጤቱ ግን አንድ ዓይነት ሆነ። ሁለት ቅጂ ያላት ዶሮ አንድ ቅጂ ካላት ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ ጠለቅ ያለ ሰማያዊ ትጥላለች፤ ሆኖም አንድ እንቁላል አይቶ ይህቺ ሁለት ቅጂ አላት ብሎ መፍረድ አይቻልም።

ቡናማው በአንድ ጂን የሚያልቅ ነገር አይደለም። ብዙ ጂኖች ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ የሚሠሩት ስለሆነ ጥቁር ቡናማ የምትጥል ማራንን ነጭ ከሚጥል የሌግሆርን ዘር ጋር ብታዳቅሉ ልጆቿ በመካከል የሆነ ፈዛዛ ቡናማ ይጥላሉ። የጠፋውን ጥቁረት ለመመለስ በየትውልዱ መምረጥ ያስፈልጋል። ሰማያዊን በአንድ ዳቀላ ታስገባላችሁ፤ ቡናማን ግን ዓመታት ትገነቡታላችሁ። የዳቀላ ዕቅድ ስታወጡ ከሁለቱ የቱን ቀድማችሁ እንደምትይዙ የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

ስለ ጆሮ ቆዳ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ነጭ ጆሮ ነጭ እንቁላል፣ ቀይ ጆሮ ቡናማ እንቁላል የሚባለው በአንዳንድ ዘሮች ላይ ስለገጠመ ነው እንጂ ጆሮው የእንቁላሉን ቀለም አይወስንም። በተዳቀሉ ዶሮዎች ላይ በጆሮ የሚመርጥ በግምት ነው የሚመርጠው።

አሁን ወደ ኩክኒው። እ.ኤ.አ. በ1902 እንግሊዛዊው የዘረመል ሊቅ ዊልያም ቤትሰን የሜንዴል የውርስ ሕግ ከአተርና ከአበባ አልፎ በእንስሳትም ላይ እንደሚሠራ ያሳየው በዶሮ ኩክኒ ነበር። ቆይቶም ከፑኔት ጋር ሁለት ጂኖች ተገናኝተው አዲስ ቅርጽ እንደሚያወጡ አሳየ። ዋናዎቹ ቅርጾች አራት ናቸው። ነጠላ ኩክኒ ቀጥ ብሎ የቆመው፣ መጋዝ የሚመስለው ነው። የአተር ኩክኒ ዝቅ ያለ፣ ሦስት መስመር ያለው፣ መካከለኛው መስመር ከፍ የሚል ነው። የጽጌረዳ ኩክኒ ሰፊ ሆኖ በጥቃቅን እብጠቶች የተሸፈነ፣ ወደ ኋላ በሹል የሚያልቅ ነው። የአተርና የጽጌረዳ ጂን በአንድ ዶሮ ላይ ሲገናኙ ዋልነት ይወጣል፤ እንደ ሲልኪ ዶሮ ኩክኒ የተጨማደደና ድፍን ያለ ነው። ሁለቱም ጂኖች ከሌሉ ነጠላ ይሆናል። ዋልነት የሆኑ የመጀመሪያ ትውልድ ዶሮዎችን እርስ በርስ ስታገናኙ ከ16 ጫጩት በአማካይ 9 ዋልነት፣ 3 ጽጌረዳ፣ 3 አተር፣ 1 ነጠላ ታገኛላችሁ። ሌሎች ቅርጾችም አሉ፤ ቀንድ የሚመስለውን ጨምሮ። ለዛሬው ጉዳይ ግን እነዚህ አራቱ ይበቃሉ።

በጽጌረዳው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ አርቢ ምክንያቱን ሳያውቅ የሚቸገርበት ነውና። የጽጌረዳ ኩክኒ ያለው የዋያንዶት ዘር አርቢዎች በየትውልዱ ነጠላ ኩክኒ ያለውን ጫጩት ቢያስወግዱም ነጠላው ይመለስባቸዋል። አንዱ ምክንያት ተሸናፊ ጂን ተደብቆ ስለሚያልፍ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2012 ግልጽ ሆኗል። የጽጌረዳ ኩክኒ የመጣው በ7ኛው ክሮሞዞም ላይ አንድ ረጅም ቁራጭ ተገልብጦ በመቀመጡ ነው፤ ሲገለበጥም ለወንድ ዘር እንቅስቃሴ የሚያስፈልግ ሌላ ጂን ቆርጧል። ስለዚህ ሁለት የጽጌረዳ ቅጂ ያለው አውራ ዶሮ ዘሩ በደንብ አይዋኝም። ሴቶቹን ቢያጠቃም ለም እንቁላል የሚያገኙበት ጊዜ አጭር ነው፤ በመንጋው ውስጥ አንድ ቅጂ ያለው ሌላ አውራ ካለም በዘር ፉክክር ይሸነፋል። አብዛኞቹ ጫጩቶች የዚያኛው ይሆናሉ፤ ነጠላውም በእሱ በኩል ይቀጥላል። ሴቶቹን ግን ሁለት ቅጂ ምንም አይጎዳቸውም።

መፍትሔው እዚያው ውስጥ አለ። ሁለት ቅጂ ያላቸውን ሴቶች አንድ ቅጂ ካለው አውራ ጋር አገናኙ። የእናትየው ቅጂ ስለሚበቃ ጫጩቶቹ በሙሉ ጽጌረዳ ይሆናሉ፤ የአባትየው ለምነትም አይጓደልም። አንድ ቅጂ ያለው አውራ ለማግኘት ደግሞ ከነጠላ እናት የተወለደ ጽጌረዳ መያዝ ነው፤ ከእናቱ ጽጌረዳ ሊወርስ አይችልምና ጥርጥር የለውም። ሁለት ቅጂ ያለውን አውራ የግድ መጠቀም ካለባችሁ ለብቻው ከጥቂት ሴቶች ጋር አስቀምጡት፤ ከእነሱ ጋር ሳይለያይ ይቆይ።

የአተር ኩክኒ ግን እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፤ ከዚህም በላይ ከእንቁላሉ ጋር የሚያገናኘን እሱ ነው። የአተር ኩክኒ ጂን በ1ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ከሰማያዊው ጂን በጣም ቅርብ። ሁለት ጂኖች ሲቀራረቡ አብረው ይወረሳሉ፤ ከ100 ጫጩት የሚለያዩት 3 እስከ 5 ገደማ ላይ ብቻ ነው። አሜራውካና የአተር ኩክኒ ያለው፣ ሰማያዊ የሚጥል ዘር ነው። አሜራውካናን ከነጠላ ኩክኒው ማራን ጋር ብታዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ የአተር ኩክኒ ይዞ ይወጣል፤ ሴቶቹም ወይራማ ይጥላሉ። እነዚህን ወደ ማራን ስትመልሷቸው ግማሾቹ ጫጩቶች አተር፣ ግማሾቹ ነጠላ ይሆናሉ። መለያየቱን 4 በመቶ ብለን ብንወስድ ከ100 ጫጩት 48ቱ አተርም ሰማያዊም ይይዛሉ፤ 48ቱ ሁለቱንም አይዙም፤ 2ቱ አተር ይዘው ሰማያዊ ይጎድላቸዋል፤ 2ቱ ነጠላ ሆነው ሰማያዊ ይይዛሉ። እንግዲህ ባለ አተሮቹን ብቻ ብታስቀሩ ከ50ው 48ቱ ትክክል ናቸው። ይህ ለሴቶቹ ብቻ ሳይሆን ለአውራዎቹም ይሠራል፤ ትልቁ ጥቅሙም እዚያ ነው።

የአተር ኩክኒ ሌላም ይነግራል፤ አሸናፊነቱ ሙሉ አይደለምና። ሁለት ቅጂ ያለው ዶሮ ኩክኒው በጣም ዝቅ ያለ፣ ጥብቅ ያለ፣ ሎቲውም ትንሽ ነው። አንድ ቅጂ ያለው ግን መካከለኛው መስመር ከፍ ይላል፤ አንዳንዴ ይጣመማል፤ በተለይ በአውራዎች ላይ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ትውልድ እርስ በርስ ብታገናኙና ከልጆቻቸው ዝቅ ያለ ኩክኒ ያላቸውን ብቻ ብትይዙ፣ ከእነዚህ ከ100ው 92 ያህሉ ሁለት የሰማያዊ ቅጂ ይኖራቸዋል። እንቁላል ሳይታይ ይህን ያህል መጠጋት ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ኩክኒውን ከማመናችሁ በፊት ወላጆቹን እወቁ። ክሪም ሌግባር ሰማያዊ ትጥላለች፤ ኩክኒዋ ግን ነጠላ ነው። ሰማያዊው ከነጠላ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠባት ዘር ናት። ክሪም ሌግባርን ከማራን ብታዳቅሉ ልጆቹ በሙሉ ነጠላ ስለሆኑ ኩክኒው ምንም አይነግራችሁም። ሌግባርን ከአሜራውካና ብታዳቅሉም ሰማያዊው ከሁለቱም ወገን ስለሚመጣ ኩክኒው ስለ እንቁላሉ መናገሩን ያቆማል። ከሁሉም የከፋው ሌግባርን ሰማያዊ ከሌለው የአተር ኩክኒ ዶሮ ጋር ስታዳቅሉ ነው። በዚህ ጊዜ ምልክቱ ይገለበጣል፤ ልጆቹን ሰማያዊ ከሌለው ነጠላ ዶሮ ጋር ስታገናኙ ሰማያዊውን የሚይዙት ነጠላዎቹ ይሆናሉ። ባለ አተሩን የያዘ ሰው ሰማያዊውን እየመረጠ ያስወግዳል ማለት ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አረንጓዴ ጣይ ገዝታችሁ በአተር ኩክኒዋ ብቻ አትመኑ፤ መጀመሪያ እንቁላሏን ሰብራችሁ ውስጡን እዩ።

ጽጌረዳ ውስጡ ቢገባም ንባቡ አይጠፋም። ዋያንዶትን ከአሜራውካና ብታዳቅሉ ዋልነት ይወጣል። ያንን ዋልነት ሰማያዊ ከሌለው ነጠላ ጋር ብታገናኙ አራቱም ኩክኒዎች በእኩል ይመጣሉ። አተር በዋልነትም ውስጥ ስላለ ዋልነቱንና አተሩን ያዙ፤ ጽጌረዳውንና ነጠላውን ተዉ።

ጫጩቷን ስታዩ አናቷ ላይ ያለውን ጸጉር በእርጥብ ጥጥ ወደ ኋላ አስተኙት፤ አጉሊ መነጽርም ያዙ። ነጠላው ከአፍንጫዋ ጀምሮ የሚሄድ አንድ ስስ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ጥርሶቹ እንኳ ሊለዩ ይችላሉ። አተሩ ሰፋ ያለና ዝቅ ያለ ሆኖ፣ ጎንና ጎኑ ሁለት ደብዛዛ መስመሮች አሉት። ጽጌረዳው ከሁሉም ይሰፋል፤ ሻካራም ነው። በመጀመሪያው ቀን የጻፋችሁትን በ4ኛውና በ6ኛው ሳምንት እንደገና አረጋግጡ። ዝቅ ያለውን አተር ከፍ ካለው ለመለየት ከ8 ሳምንት በኋላ ብትጠብቁ ይሻላል፤ አውራዎቹ ከሴቶቹ ቀድመው ይለያሉ። የደረት አጥንቷ ላይ ወፈር ያለ የቆዳ ሸንተረር ካገኛችሁ ይህም የአተር ጂን ምልክት ነው።

ሥራውን የሚያበላሹት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ዋናውም የቀድሞው አውራ ዘር ነው። ሴት ዶሮ የወንድ ዘር በሆዷ ሁለት ሦስት ሳምንት ታቆያለች። አውራ በቀየራችሁ ማግስት የሰበሰባችሁት እንቁላል የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሴቶቹን ያለ አውራ ቢያንስ 3 ሳምንት፣ ቢቻል 4 አቆዩ፤ ከዚያ አዲሱን አስገቡ፤ ለማስፈልፈልም እሱ በገባ በ1 ሳምንቱ መሰብሰብ ጀምሩ። ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ይበቃል። እንቁላል ከጣይዋ ጋር ለማዛመድ ስትገባ በሯ የሚዘጋ መጣያ ሳጥን ይጠቅማል። ቁጥሯን በእርሳስ ጻፉ እንጂ በቀለም እስክሪብቶ አትጻፉ።

ለማስፈልፈል የምትይዙትን እንቁላል ከ7 ቀን በላይ አታቆዩ። አየር በሚያዘዋውር ማሽን 37.5 ዲግሪ፣ እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 21ኛው ቀን 65 እስከ 70። ጥቁር ቡናማ እንቁላል ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ ብርሃን አያሳልፍም፤ በ7ኛው ቀን ባዶ የመሰለውን አትጣሉ፤ በ10ኛው ወይም በ12ኛው ቀን ድገሙት። ሁለተኛ ውሃውን የሚያጣው በዝግታ ነው፤ ስለዚህ በዓይን ሳይሆን በሚዛን ተከታተሉ። 60 ግራም የሆነ እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን 7 ወይም 8 ግራም ማጣት አለበት። ካላጣ እርጥበቱን ቀንሱ፤ አለዚያ ጫጩቱ አየር ሳያገኝ ቅርፊቱ ውስጥ ይሞታል። ከ18ኛው ቀን በኋላ የእያንዳንዷን እናት እንቁላል በየራሱ ቅርጫት ክፈሉት፤ ከተፈለፈሉ በኋላ መለየት አይቻልም።

ሲፈለፈሉ ወዲያው ምልክት አድርጉ። በጣቶቹ መካከል ባለው ስስ ቆዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ማድረግ ከሁሉም ይቆያል፤ በሁለቱ እግር አራት ቦታ ስላለ 16 የተለያየ ምልክት ይወጣል። ቀዳዳው ሊደፈን ስለሚችል በሳምንቱ እዩት። የእግር ቀለበት የምትጠቀሙ ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ በሰፊው ቀይሩት፤ እግሩ እያደገ ሲሄድ ቀለበቱ ያንቀዋል።

ዘሩ አራውካና ከሆነ ጆሮው አጠገብ ያለውን የላባ ቁጥቋጥ ተጠንቀቁ። ያ ጂን በሁለት ቅጂ ሲመጣ ጽንሱን ይገድላል። ቁጥቋጥ ያለውን ከቁጥቋጥ ጋር ካገናኛችሁ ሩብ ያህሉ ከመፈልፈሉ በፊት ይሞታል፤ ማሽኑ ግን ጥፋት የለበትም። አንዱን ወላጅ ቁጥቋጥ የሌለው አድርጉ።

ቡናማን ስትመርጡ ጊዜውን አስተያዩ። ቄብ መጣል ስትጀምር እንቁላሏ ጥቁር ነው፤ ጥላ ጥላ ስትቆይ ይፈዛል፤ ላባዋን ቀይራ ስትመለስ ይጠቁራል። የአንዷን 5ኛ እንቁላል ከሌላዋ 100ኛ ጋር ማወዳደር ፍርድ አይደለም። ድንጋጤ፣ ሙቀትና የመተንፈሻ በሽታ ቀለሙን ያፈዙታል፤ በተለይ ብሮንካይተስ ያለፈባት ዶሮ ቅርፊቷ ፈዛዛና ሻካራ ሊሆን ይችላል፤ እሷን በዚያ ወቅት አትፍረዱባት። የማራን አርቢዎች ከ1 እስከ 9 የተቆጠረ የቀለም ካርድ አላቸው፤ ከ4 በታች ለማራን አይበቃም። ካርዱን ከጥላ ሥር በቀን ብርሃን ከእንቁላሉ ጎን አድርጉት፤ ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉ። እህቶቹና እናቱ ሁሌም ከፍ ያለ ቁጥር የሚጥሉለት አውራ ለቡናማው የምትመርጡት አውራ ነው፤ እሱ ራሱ የሚታይ ምልክት የለውም።

ወይራማን ማጥቆር ከፈለጋችሁ ከማራን ጋር የመመለሱን ሥራ ከሁለት ትውልድ በላይ ሳታቋርጡ አትድገሙ፤ በየትውልዱ ባለ አተሩን ካልያዛችሁ ሰማያዊው ጭራሽ ይጠፋል። በዚያ ላይ ማራኑ በየዓመቱ ከሌላ ቤተሰብ ይሁን፤ አንድን አውራ ለልጆቹም ለልጅ ልጆቹም መጠቀም የመፈልፈል መጠኑን ይጥለዋል።

በመጨረሻ፣ አንድ አውራ ስንት የሰማያዊ ቅጂ እንዳለው ማወቅ ለሚፈልግ። ሁለት መንገድ አለ። ከላባ ወይም ከደም ናሙና የሚመረምሩ ቤተ ሙከራዎች አሉ፤ ፈጣኑ እሱ ነው። ካልሆነ ነጭ ከሚጥሉ ሴቶች ጋር አገናኙትና ሴት ልጆቹን እስኪጥሉ አሳድጉ። 7 ልጆቹ በሙሉ ሰማያዊ ከጣሉ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ኖሮት ይህ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከ128 አንድ ነው፤ ሁለት ቅጂ እንዳለው አድርጋችሁ ልትይዙት ትችላላችሁ። ከ7 በታች ካሉ አትቸኩሉ፤ በ3 ልጅ ብቻ የሚፈርድ ከ8 ጊዜ አንዴ ይሳሳታል። አንዲት እንኳ ነጭ ከጣለች ግን መልሱ ተገኝቷል፤ ሌሎቹ ስንትም ሰማያዊ ቢጥሉ አውራው አንድ ቅጂ ነው ያለው። ይህ አውራ ግን አይጣልም። ሰማያዊው ከአተሩ ጋር ከአንድ ወላጁ የመጣለት መሆኑን በመዝገብ ካወቃችሁ፣ ነጠላ ኩክኒ ያላቸውን ሴቶች ስጡትና ልጆቹን በኩክኒያቸው ለዩዋቸው።